ሻይ የጠጣ ብራና

በቀደም ዕለት ሦስት ሆነን ቸርችል ጎዳና ላይ ወዳለች አንዲት የስጦታ ዕቃ መደብር ጎራ አልን። ልንገዛ አልነበረም (ኪሳችን ያውቀዋል)፤ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳችንን ልናጅብ እንጂ። ባለሱቁ እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አየውና ከጠረጴዛው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ይሄ ለሁሉም የሚታይ አይደለም» አለ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፤ «ከጎጃም የመጣ ነው፤ ስድስት መቶ ዓመቱ።»

ሥዕል ያለበት የብራና ዳዊት ነው። የዘመዳችን ዐይን በራ። ከመካከላችን አንዱ የቢቸና ልጅ ነው፤ አያቱ መሪጌታ ናቸው። መጽሐፉን ተቀበለና ሥዕሉን ሳያይ ቀጥታ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «ይሄ እኮ ሻይ ጠጥቷል!» አለ። ባለሱቁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ዘመዳችንን ጎትተን ወጣን። ነገሩ ግን ከሳቅ በላይ ሆኖብን ሰነበተ።

እንግዲህ ወጋችን ስለዚህ ነው። የቆየ ነገር የሚገዛ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት ይለያል? ደግሞስ፣ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ደስ ሊለው ይገባል?

የእኛ ገበያ ቅሪተ አካል

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ቅሪተ አካል ሰብሳቢዎችን እንቅልፍ ይነሳል። ሞሮኮ ውስጥ ከሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ «ትራይሎባይት» ለቱሪስት ይቸበቸባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የዳይኖሰርና የወፍ ማገናኛ ብሎ ያስተዋወቀው «አርኪዮራፕተር» የተለያዩ እንስሳት አጥንት ተጣብቆ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ከቻይና ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው በ80,000 ዶላር ነበር። ልብ በሉ፤ አጥንቶቹ እውነተኛ ነበሩ። ውሸቱ ያለው ማጣበቂያው ላይ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እኛ ጋ ቅሪተ አካል የሱቅ ዕቃ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደ ቅርስ ይጠብቀዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ሕዝብ ሲጎበኛት የኖረችው ድንቅነሽ እንኳ ቅጂዋ ናት። ማንም ግን «ሐሰተኛ» አይላትም፤ ቅጂ መሆኗ ይነገራላ! የእኛ ሰብሳቢዎችና ደላሎች የሚራኮቱበት የጥንት ነገር ሌላ ነው፦ ብራና፣ መስቀል፣ ክታብ። ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ ብዙ የሚናገረው ብራናው ነው።

አፍንጫ፣ ጣትና ብርሃን

ጓደኛችን ያሸተተው ምን ነበር? የብራና መጽሐፍ ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከጥጃ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል። ከዚያ ጸሐፊው በወስፌ ነጥብ እየወጋ መሥመር ያሰምራል፤ መሥመሩ ቀለም የለውም፣ ጭረት ብቻ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ብዕሩ ከመቃ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ መቶ ዓመት ሲነበብ የሚቆሽሸው በአንድ ቦታ ነው፤ ገጽ የሚገልጠው አውራ ጣት በሚያርፍበት በታችኛው ጥግ። የጧፍ ሰም ጠብ ይልበታል፤ ጭስና ዕጣን ይጠጣል። ሻይ ያረጀው ብራና ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ቡናማ ነው። ማንም በመዳፉ ሙሉ እያሸ መጽሐፍ አያነብም።

ቀዳዳም ምስክር ነው። ቆዳው ሲወጠር የተቀደደ ከሆነ ጸሐፊው ቀዳዳውን ዞሮ ይጽፋል፤ ወይም አስቀድሞ ይሰፋዋል። ቀዳዳው ፊደል ከቆረጠ የመጣው ከጽሑፉ በኋላ ነው። የብል ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ቅጠል በስቶ ያልፋል፤ በአንዱ ቅጠል ላይ ብቻ ካያችሁት ያ ቅጠል የመጣው ከሌላ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉንም ወደ ብርሃን አንሱት፤ ከቀለሙ ሥር የተፋቀ ጽሑፍ ጥላ ብቅ ካለ ሥዕሉ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ፈረንጅ ሥዕል ይወዳል ተብሎ በደህናው የጸሎት መጽሐፍ ላይ ሥዕል መደረብ የታወቀ የገበያ ዘዴ ነው።

ዘመንን የሚያጋልጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የዜማ ምልክት የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። ስለዚህ ከፊደሉ ጋር አብሮ የተጻፈ ምልክት ያለውን ድጓ «የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ ያውቃል። ሐምራዊው የፋብሪካ ቀለም የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዝ ውስጥ ነው። የዚያች የሱቋ ዳዊት ሐረግ (የገጹ ጌጥ ማለታችን ነው) ደማቅ ሐምራዊ ነበር። ስድስት መቶ ዓመት?

«ላቦራቶሪ የለም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። አለ፤ ግን የካርቦን ምርመራ የሚነግራችሁ እንስሳው የሞተበትን ዘመን ነው። አሮጌ ባዶ ብራና አግኝቶ ትናንት የጻፈበትን ሰው አይዝላችሁም።

ጥገና ነውር አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳት። የተሰፋ ቅጠል፣ የተጣፈ ጠርዝ፣ ተሰብሮ በገመድ የተሰፋ የእንጨት ገበታ የሐሰት ምልክት አይደለም። እንዲያውም መጽሐፉ ባለቤት እንደነበረው ይመሰክራል። ሰው የማይወደውን አይሰፋም። አዲስ ተጽፎ አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጥ ብራናም ሐሰተኛ አይደለም፤ የጸሐፊ እንጀራ ነው። ሐሰት የሚሆነው የተደበቀ ጥገና ነው፦ ከሦስት መጽሐፍ የተቀደደ ጥራዝ በአንድ ገበታ ታስሮ «አንድ ነው» ሲባል። የገጹን መሥመር ቁጠሩ፤ የዓምዱን ስፋት አስተያዩ። እዚህ 18፣ እዚያ 24 ከሆነ አርኪዮራፕተር ይዛችኋል።

ሰብሳቢ ባለበት ጥርጣሬም አይጠፋም። ፈረንሳይ ያደገው አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገራችን ከ200 በላይ ብራናዎች ሰበሰበ። ከሚፈልጉለት ሰዎች አንዱ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚሲዮናዊ ነበር፤ የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ የላከለትም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ «መጽሐፉን የደረሰው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ብሎ ተነሣ፤ አዲስ አበባ ያስተማረው ክሎድ ሰምነር በበኩሉ ለዘርዓ ያዕቆብ ጥብቅና ቆመ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ያልተዘጋበት አንዱ ምክንያት መጽሐፉ ወደ ገበያው የገባው በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ከየት ወጣ? በማን ቤት ነበር? መልስ የለም።

የማን ነበር?

ወደ ሱቋ እንመለስ። ማታ ለጓደኛችን አያት ቢቸና ስልክ ደወልን።

«እንዴት አመሹ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ገጠማችሁ?»

ነገርናቸው። ሻዩን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሐምራዊውን ሲሰሙ ሳቁ። ዕድሜውን ግን አልጠየቁንም። «ስም አለበት?» አሉ። በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ «ለገብርከ» ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ጓደኛችን አይቶት ነበር፤ ለእኛ ግን አልነገረንም።

«ተፍቋል፣ አባባ።»

«ሌላ ስም ተተክቶበታል?»

«ባዶ ነው።»

ዝም አሉ። መጽሐፍ በሽያጭ ወይም በውርስ ሲተላለፍ የአሮጌው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባል፤ ያ የተለመደ ነው። ተፍቆ ባዶ የቀረ ስም ግን ሌላ ነገር ያሳስባል። «እንግዲያ ሥዕሉ ነው እንጂ መጽሐፉ ሐሰት አይደለም፤ የሰው ነው» አሉ።

ሳቃችን እዚያው ቀረ። አርኪዮራፕተር ማለት ይኸው! ሻዩ ውሸት፣ ሥዕሉ ውሸት፣ ዕድሜው ውሸት፤ ዳዊቱ ግን የእውነት የአንድ ሰው ዳዊት።

ከደጀን ተነስታችሁ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጋችሁ ወደ ሞጣ ስትሄዱ በግራና በቀኝ ያለው አገር የብራና አገር ነው። ለቢቸና ቅርብ የሆነችው ዲማ ጊዮርጊስ ለፍቅር እስከ መቃብር አንባቢ እንግዳ አይደለችም። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው። በእነዚህ አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ማን ለማን ርስት እንደሸጠ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ የትኛው መሬት ለማን እንደተሰጠ ተጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ሀብታሙ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ምሥራቅ ጎጃም ባሳተመው ጥናት ከእንዲህ ያለ ማስረጃ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አወጣ። ዛሬ «ዜጋ» ስንል መብት ያለው የአገር ልጅ ማለታችን ነው፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ግን ዜጋ ማለት በጌታ መሬት ላይ የሚያድር፣ ርስት የሌለው ሰው ነበር። ስማችን አድርገን የምንምልበት ቃል ከየት እንደመጣ የነገሩን የቆሸሹ ኅዳጎች ናቸው። ሥዕል የላቸውም። ለሰብሳቢው «አያምሩም»።

ሐሰተኛ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል። እውነተኛ የገዛ ሰው ግን ሌላውን ያሳጣል፦ የአንድ ደብር መዝገብ፣ የአንድ ቤተሰብ ርስት፣ የአንድ ቃል ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው የወርቅ መስቀል ቤልጅየም ካለ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ሲመለስ አገር በእልልታ ተቀበለው። መስቀሉ ስም ነበረውና ታወቀ። ስሙ የተፋቀ ዳዊት ግን በማን እልልታ ይመለሳል? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9000 በላይ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣውና እነ ጌታቸው ኃይሌ (ዶ/ር) ዘርዝረው የጻፉለት ሥራ የሚያጽናናን ለዚህ ነው። ፎቶው ያለ መጽሐፍ ቢሰረቅ እንኳ ስሙን በዋዛ አያጣም።

ስለዚህ ከውጭ ዘመድ መጥቶ «ብራና አሳዩኝ» ካላችሁ ሙዚየም ውሰዱት። መግዛት ካማረው ከጸሐፊ እጅ አዲስ ይግዛ፤ በ«ለገብርከ» ፊት የራሱን ስም ያጽፍ። ከጠረጴዛ ሥር የሚወጣ አሮጌ ካጋጠማችሁ ግን «ስንት ዓመቱ ነው?» አትበሉ። የመሪጌታውን ጥያቄ ጠይቁ፦ የማን ነበር?

የእኛ ዘመድ ምን ገዛ አላችሁ? ቡና። ሁለት ኪሎ። ቸር ይግጠመን።