ዳገትና ቁልቁለት፦ ከስልክ ጎልፍ እስከ ቆሼ

የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰሞኑን በኦንላይን ጎልፍ ተለክፋችኋል። በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄም አንድ ዓይነት ሆኗል። ዳገት ላይ ስትመቱ ትንሽ ብትሳሳቱ ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ትቀራለች፤ ቁልቁለት ላይ ያንኑ ያህል ብትሳሳቱ ግን አልፋ ትነጉዳለች። «ቲቸር፣ ጨዋታው እየሸወደን ነው እንዴ?» ነው የምትሉት። አይደለም። መልሱን ግን ከነታሪኩ ነው የምነግራችሁ፤ ፊዚክስ ሳስተምራችሁም አመሌ ይኸው እንደነበር ታውቃላችሁ። ደግሞ ቆሼ አካባቢ ለሚኖር ሰው የተዳፋት ነገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። እደርስበታለሁ፣ ታገሱኝ።

ለማያውቁት፣ «ፓት» የሚባለው ኳሷን ወደ ላይ ሳያስነሱ፣ «ግሪን» በሚሉት አጥሮ በታጨደ ሣር ላይ እያንከባለሉ ወደ ጉድጓዱ የሚሰዱበት ምት ነው። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ፣ አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ አለ። የሰፈራችን ልጅ ጎልፍን ያወቀው ግን በዚያ በር ገብቶ ሳይሆን በስልኩ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኮምፒውተር በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ኦክሞንት በተባለ ሜዳ ላይ የአሜሪካ ኦፕን ይካሄዳል። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል አማተር ጎልፈኛ ከተመልካቹ መሃል ነበር። ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ የሆነው ጂን ሳራዘን የመታት ፓት ግሪኑን ጨርሳ ወጥታ አሸዋ ውስጥ ስትገባ አየ። ሣሩ ከልክ በላይ ፈጣን ነው ብሎ ጠረጠረ። በጥርጣሬ አላበቃም፤ ቤቱ ገብቶ ቦይ ያለው የእንጨት ዘንግ ሠራ። ኳሷ ዘንጉ ላይ ካለች ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትቀመጣለች። አንዱን ጫፍ ቀስ እያደረጉ ከፍ ሲያደርጉት፣ 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኳሷ ራሷ ትለቅና ትንከባለላለች። ከዚያ ስንት ጫማ እንደሄደች መለካት ነው። የሰው እጅ ጉልበት የለበትም፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ይህን መሣሪያ በአሉሚኒየም አሻሽሎ ለሜዳ ተንከባካቢዎች ያቀረበው በ1978 ነው። ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው!

መሣሪያው የተሠራው ለደልዳላ ቦታ ነው። ተዳፋት ላይስ? ሽቅብም ቁልቁልም ለክቶ፣ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይበቃል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዳግላስ ብሬዲ የተባለ የሣር ተመራማሪ ሌላ ቀመር አቀረበ፦ ሁለቱን ርቀቶች አባዙ፣ በሁለት አባዙት፣ ከዚያ ለድምራቸው አካፍሉ። እስቲ አብረን እንሥራው። ኳሷ ሽቅብ 6 ጫማ፣ ቁልቁል 12 ጫማ ሄደች እንበል። በተራ አማካይ 9 ይመጣል። በብሬዲ ቀመር ግን 144 ለ18፣ ማለትም 8 ነው። ትክክሉ 8 ነው።

ምን ማለት ነው? ደልዳላ ላይ 8 ጫማ የምትሄድ ምት ዳገት ላይ የምታጣው 2 ጫማ ብቻ ነው፤ ያችው ምት ቁልቁለት ላይ ግን 4 ታተርፋለች። ደልዳላ ላይ ኳሷን የሚያቆማት ፍትጊያ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ስበት ፍትጊያን ያግዘዋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከፍትጊያው ላይ ይቀንሳል። በእኛ ምሳሌ የስበቱ ጉልበት የፍትጊያው ሲሶ ነው፤ ሽቅብ ስትሄድ የሚይዛት አራት ሲሶ፣ ቁልቁል ሁለት ሲሶ። 8ን ለእነዚህ አካፍሉና 6 እና 12 ይወጣላችኋል። ቁልቁለት የዳገት ግልባጭ አይደለም የምላችሁ ለዚህ ነው።

ጨዋታዎቹ ይህን ለተጫዋች ማሳየት የተማሩት ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን የኔንቲዶ ጎልፍ ፕሮግራም የጻፈው፣ ኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሳቶሩ ኢዋታ ነው። በዚያች ኢምንት ማኅደረ ትውስታ 18 ጉድጓድ ማስገባት አይቻልም ሲባል እሱ አስገባው። ግሪኑ ላይ ትንንሽ ቀስቶች ነበሩበት፤ ተዳፋቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ይጠቁማሉ፤ ስንት እንደሆነ ግን አይናገሩም። በ1986 ሊደር ቦርድ የተባለው ጨዋታ መጣ። በእሱ ላይ አንዲት አጭር መስመር የተዳፋቱን አቅጣጫ ከነብርታቱ ታሳይ ነበር። በ2008 የተጀመረው ወርልድ ጎልፍ ቱር ደግሞ እውነተኛ ሜዳዎችን በፎቶ አንስቶ አመጣቸው፤ ርቀቱን በጫማ፣ የከፍታውን ልዩነት በኢንች ጽፎ ይሰጣችኋል።

ከዚያ ወዲህ ተጫዋቾች በሙከራ ያገኙት ዘዴ አለ፦ ለእያንዳንዱ ኢንች ከፍታ ይህን ያህል ጫማ ጨምር፣ ለእያንዳንዱ ኢንች ዝቅታ ያንኑ ያህል ቀንስ። መጠኑ እንደ ሣሩ ፍጥነት ይለያያል። ፊዚክስ ሳይቆጥሩ የደረሱበት ቢሆንም ዘዴው ትክክል ነው፤ ኳሷ ለከፍታ የምትከፍለው ጉልበት በኢንች ልክ ነው። ታዲያ መደመሩና መቀነሱ እኩል ከሆነ ቁልቁለቱ ለምን ይከፋል? ስሕተቱ እኩል ስለማይቀጣ ነዋ! በዚያው በሲሶው ተዳፋት ላይ ምታችሁ በአንድ ጫማ ቢበዛ፣ ዳገት ላይ ኳሷ ሩብ ጎደል አንድ ጫማ ነው የምታልፈው፤ ቁልቁለት ላይ አንድ ጫማ ተኩል። ስበቱ የፍትጊያው ግማሽ ሲሆን ሁለት ጫማ። ከአሥር ዘጠኝ እጅ ሲደርስ አሥር ጫማ። እኩል ሲሆን ደግሞ ኳሷ ጨርሶ አትቆምም። ጠርዙ በቀረበ ቁጥር ትንሽ የሚባል ስሕተት እየጠፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ፣ ሁለተኛዋን ምት ሽቅብ እንድትመቱ ኳሷን ከጉድጓዱ በታች አሳርፏት። የጨዋታው መልስ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቆሼ። ከኳስ ወደ ሰው ነፍስ መሻገሬ የሚከብደው ይኖራል፤ ለእኔም ይከብደኛል። ግን በስበትና በሚይዘው ነገር መካከል ያለው ትግል እዚህም እዚያም ያው ነው።

ቆሼ ስሙን ያገኘው ከቆሻሻ ነው፤ በወረቀት ረጲ ይባላል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ 50 ዓመት ያህል ሲደፋበት የኖረ፣ ከ30 ሄክታር በላይ የሆነ ቦታ ነው። ተራራ ሆኖ አልተፈጠረም፤ በየቀኑ በመኪና እየተጫነ ነው ተራራ የሆነው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ቆመና መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቁልሉ አንድ ጎን ተደረመሰ። ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጣቸው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ቆሻሻ እንደ ኳስ አይንከባለልም። እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ይቆማል። ተዳፋቱ በቆመ ቁጥር ግን ወደታች የሚጎትተው ጉልበት ይጨምራል፤ ውሃ ሲገባበት ደግሞ መያያዙ ይላላል። ጠርዙ ላይ የደረሰ ቁልል ትናንት የቻለውን ዛሬ ላይችል ይችላል፤ የተጨመረበት ነገር ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን የቀረችው ትንሽ ስለነበረች። የሰፈሩ ሰው ቁልሉን በየቀኑ ያየዋል። በየቀኑ የሚያዩት ነገር ደግሞ ሲያድግ አይታይም፤ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ለአንዲት ኳስ ቀስትም፣ መስመርም፣ በኢንች የተጻፈ ቁጥርም ተሰጥቷታል። ከቁልሉ ሥር ጎጆ የቀለሱት ሰዎች እጅ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ የታሰበው በየቀኑ የሚመጣውን ቆሻሻ ለማቃጠል ነው። የቆየውን ቁልል ባለበት ማረጋጋት ሌላ ሥራ ነው። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል ፉኩኦካ የሚባለው ዘዴ ቆሼ ላይ ተሞክሯል። ዘዴው ከአንድ የጃፓን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ቁልሉ ውስጥ ቧንቧ ይቀበራል፣ ፍሳሹ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ጋዙም መተንፈሻ ያገኛል። ከሥራው አንዱ ክፍል ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመውን ጎን ቆርጦ ተዳፋቱን ማለዘብ ነበር።