ነባሪው የነበረው አይደለም

በኮምፒውተር አማርኛ «ዲፎልት» የሚለውን ቃል ተርጓሚዎች «ነባሪ» ብለውታል። ቃሉ ያሳስታል። «ወደ ነባሪው መልስ» የሚል ቁልፍ ያየ ሰው ወደ ነበረው፣ ትናንት ይሠራ ወደነበረው የሚመለስ ይመስለዋል። በድረ ገጽ አድራሻ ላይ ግን ነባሪው የባለቤቱ ትናንት ሳይሆን የስም ሻጩ ድርጅት ባዶ ቅጽ ነው። ይህን ለመረዳት የስሞቹን ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

ከኢንተርኔት በፊት በነበረው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር በሙሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። ተቋሙ ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ ይቀዳል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ አንድ መዝገብ አልበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ የተባለውን ሥርዓት አቀረበ። ቁም ነገሩ ሥልጣን ማከፋፈል ነው፦ የላይኛው ሁሉን አያውቅም፤ «ይህን የሚያውቀው እገሌ ነው» ብሎ ይጠቁማል እንጂ።

ኢትዮጵያ «ዶት ኢቲ» የተሰኘ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኢንተርኔቱ ለሕዝብ የተከፈተው ግን በ1997 ነበር። ስሙ ከአገልግሎቱ ቀድሟል ማለት ነው። ዛሬ የስሙ ጠባቂ ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ኤምቲዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» ይባላል። ኮምፒውተር የሚያነበው ከኋላ ነው፦ መጀመሪያ አገሪቱን፣ ቀጥሎ የትምህርት ተቋማቱን፣ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲውን ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ጅማ ላይ ቦንጋን፣ ቦንጋ ላይ ሚዛን ተፈሪን እየጠየቀ እንደሚሄደው ማለት ነው። አንዱ ጠቋሚ ከጠፋ ከተማው በቦታው እያለ መንገደኛው አይደርስም።

አሁን ቴፒ ላይ ያለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅትን እናስብ። ድረ ገጹ በአንድ ሰርቨር ላይ፣ ኢሜይሉ በሌላ ኩባንያ ዘንድ ነው። ስሙን ከሁለቱ የሚያገናኙት በመዝገቡ ውስጥ ያሉ ጥቂት መስመሮች ናቸው። ገጹ አልከፈት ሲል ሠራተኛው «ወደ ነባሪው መልስ» የሚለውን ይጫናል፤ መስመሮቹ በስም ሻጩ መስመሮች ይተካሉ። ፎቶውና ጽሑፉ አልጠፋም፤ ወደዚያ የሚጠቁም ግን የለም። የከፋው የኢሜይሉ ነው፦ የገዢው የውል መልእክት መድረሻ ያጣል። በየቦታው ያሉ ሰርቨሮች የድሮውን መልስ ለሰዓታት ይዘው ስለሚቆዩ ደግሞ ጅዳ ላለው ገዢ የሚከፈተው ገጽ ሃምቡርግ ላለው አይከፈትም። ስለዚህ ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም።

ትልልቆቹም አልተረፉም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የተሰወረው በጥገና ወቅት በተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ የሚደረስባቸው መንገድ ስለተዘጋ ነው። መረጃው ሁሉ በቦታው ነበር።

ለደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር የስምና የምንጭ መለያየት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ፣ በገበያው የሚያልፈው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይከማች ጀመር። ይህ ገዢው ሳያይ እንዲገዛ አስችሏል፤ የአምራቹ ስም ግን መጋዘን በር ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ምንጩ የታወቀ ቡና የሚሸጥበትን በር ሰፋ አደረገ። ሆኖም አንዴ የተደባለቀ ቡና በየማሳው አይለይም። ምንጩ የሚታወቀው ሳይደባለቅ የመዘገበ ሰው ካለ ብቻ ነው።

የድረ ገጽ ስምም እንዲሁ ነው። ቁልፉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የተወሳሰበን መዝገብ አጽድቶ ከባዶ ለመጀመር ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን የመስመሮቹን ቅጂ አስቀድሞ ለያዘ ነው። ለብዙ ተቋም ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የመዝገቡ የይለፍ ቃል የማን ነው? በአንድ ባለሙያ የግል ኢሜይል ከተከፈተ፣ ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ስሙም አብሮ ይወጣል። ማኅተሙን በካዝና የሚቆልፍ መሥሪያ ቤት የስሙን መዝገብም እንደ ማኅተሙ ሊይዘው ይገባል።