ከደጅ ጥናት ወደ ቃለ መጠይቅ

ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ሹመት የፈለገ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ማመልከቻ የለ፣ ፈተና የለ፤ ጌታው ሲወጣ ሲገባ ለመታየት ወራት ይቆማል፣ አማላጅ ይልካል። ሴትም ከዚያ ደጅ አልጠፋችም። የዳግማዊ ራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ጦር የሚያዘምቱ ገዥ ነበሩ። ለተራዋ ሴት ግን ደጁ የአቤቱታ እንጂ የሥራ አልነበረም።

የቢሮ ሥራ በትምህርት የሚገኝ እየሆነ የመጣው ዘግይቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮሜርስ በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ታይፕና ሒሳብ አያያዝ አስተማረ። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ፣ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ሲባል መምህር ብቻ ይታሰበናል እንጂ ሬጅስትራሩ፣ ፋይናንሱ፣ ግዥው፣ ንብረት ክፍሉ፣ የተማሪ ማደሪያው ሁሉ ሠራተኛ ይፈልጋል። ከአንበሳሜ ልጆቻችን የሚወዳደሩት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ፈቀደ፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515/1999 ደግሞ ሴት እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ስታመጣ ቅድሚያ እንድታገኝ ደነገገ፣ በፆታ ማበላለጥንም ከለከለ። ችግሩ ተቀራራቢ ውጤት እስኪመጣ ነው። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ለምዝገባ፣ ለጽሑፍ ፈተና፣ ለቃለ መጠይቅ እያሉ በሐሙሲትና በወረታ ዞሮ ደብረ ታቦር መመላለስ ሦስት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ነው። ከቁጠባችን ለዚህ ማበደር የጀመርነው ስለዚህ ነው፤ ደጋፊዎቻችንም ገንዘባችሁ ከዚህ ላይ ውሏል።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረን ግን ቃሉ ነው። አንዲት አባላችን በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፋ ቃለ መጠይቅ ገባች። «ስትወልጂ ሥራውን ማን ይሸፍነዋል?» አሏት። አንገቷን ደፋች። በሰው ፊት ድምፅ አለማሰማት ጨዋነት ነው ተብላ ላደገች ልጅ ያ ዝምታ አክብሮት ነበር፤ ለጠያቂዎቹ ግን አለማወቅ ሆኖ ተቆጠረ። ጥያቄው ለወንድ አይቀርብም፤ ይህንን በትሕትና መናገር ይቻል ነበር።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነን እንደ ፈታኝ እንቀመጣለን። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ስንል ብዙዎቹ በአባታቸው ስምና በቀበሌያቸው ጀምረው እዚያው ያበቃሉ። እንደገና እናስጀምራቸዋለን። አንዷ ለካ ሦስት ዓመት የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ ደረሰኝ ቆርጣ፣ መዝገብ ዘግታ፣ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት አስረክባለች። በወረቀት የሥራ ልምድ ተብሎ አይያዝላትም። ለንብረት ክፍል ሥራ ስትጠየቅ ግን በቃሏ ልትናገረው ትችላለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያ ትጀምራለች።