ስለ ማጌትና ስለ ጉርድ ሾላ

ገበሬያችን በሬውን በግንቦት ለእርሻ ሲጠምደው፥ በሬው በዓመቱ ውስጥ እጅግ የከሳበት ጊዜ ነው። ከኅዳር ወዲያ ሣሩ ስለሚደርቅ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ከመቶ 7 እጅ ያነሰ ፕሮቲን ያለው መኖ በከብት ሆድ ውስጥ በደኅና አይብላላምና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመውና ከቦሌ ብዙ በማይርቀው በጉርድ ሾላ የከተመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ከብት እርባታ ማዕከል (ኢልካ)፥ ለዚሁ ችግር የደቡብ አሜሪካውን ስታይሎ፥ የአፍሪካውንም ላብላብ ጭምር የብዙ መኖ ዘር አሰባሰበ።

እኛን ያስደነቀን ግን የሩቁ አይደለም። በደጋው ጨፌ በመስከረም የሚያብበው፥ ተራ ሣር መስሎን ስንረግጠው የኖርነው ማጌት፥ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው! በሥሩ ዕባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ይመግቡታል። በ1980ዎቹ የማዕከሉ ሊቃውንት በዋልካ መሬት ሲፈትኑት፥ ፎስፈረስ በተጨመረለት ጊዜ ምርቱ እጅግ ከፍ አለ። ጉድለትም አለበት፤ ዕድሜው የአንድ ክረምት ብቻ ስለ ሆነ፥ በአበባው ጊዜ ታጭዶና ደርቆ ካልተከመረ ለበጋ አይደርስም።

ማዕከሉ በ1994 ከናይሮቢው የእንስሳት በሽታ ምርምር ላቦራቶሪ ጋራ ተዋሕዶ ኢልሪ ተባለ። የመኖው ዘር ጎተራ ዛሬም በአዲስ አበባ ነው፤ ስፍራቸውን ለፎቅ የለቀቁት በአካባቢው ይግጡ የነበሩት ከብቶች ናቸው።