የአሮጌ ተሽከርካሪ ሞተር አልፎ አልፎ ጉልበት የሚያጣበት ምክንያት እንዴት ይለያል?

የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደጋው ጫፍ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ቀድሞው የንግድ ማዕከል ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መስመር የሚመላለስ አሮጌ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ብርድና ሙቀት፣ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚፈራረቁበት የሞተሩ ድካም ፈጥኖ ይገለጣል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። አገር ውስጥ ያሉትን ጠግኖ መጠቀም ለብዙዎች ብቸኛው አማራጭ በመሆኑም ብልሽትን በትክክል መለየት የገንዘብ ጉዳይ ጭምር ነው። ጉልበት አጥቶ ከቆየ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚመለስ ሞተር ጋራዥ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ በዚህ የተነሳ ጤነኛ የናፍጣ ፓምፕ የሚያስለውጡ ባለንብረቶች ጥቂት አይደሉም።

በቅድሚያ የከፍታን ተፅዕኖ ከብልሽት መለየት ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል በላይ በ2 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊት በ30 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። ይህ ግን በደጋ እስካሉ ድረስ የማይለወጥ ነው። ጉልበቱ የሚሄድና የሚመለስ ከሆነ ጥፋቱ በከፍታው ላይ ሊላከክ አይገባም።

ቀጥሎ የሚታየው ጭስ ነው። የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ሲደክም ጥቁር ጭስ ካወጣ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል፤ ስለሆነም የአየር ፊልትሮውና ቱቦዎቹ ይታያሉ። ያለ ጭስ ከደከመ ግን ነዳጅ በበቂ መጠን አልደረሰውም ማለት ነው። አልፎ አልፎ የሚከሰተው ድካም በአብዛኛው ከዚህኛው ወገን ነው።

ቀላሉና ወጪ የሌለው ሙከራ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን መክፈት ነው። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር በውስጡ ባዶነት ይፈጠራል፤ ሞተሩም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከሄደ በኋላ ይታነቃል። ክዳኑ ሲከፈት አየር በፉጨት ከገባና ጉልበቱ ከተመለሰ ምክንያቱ ተገኘ። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለ ዝገትና ጉድፍም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። በጉዞ ላይ ወደ መምጠጫው ቧንቧ ተስቦ ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ታች ይወርድና ተሽከርካሪው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። በርካታ አሽከርካሪዎች «አርፎ ተሻለው» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ናፍጣ ፊልትሮው ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ካለ ሞተሩ በደከመበት ሰዓት ረዳቱ ቢገፋውና ጉልበት ቢመለስ፣ እንቅፋቱ ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር ላይ ይፈለጋል። የተሰነጠቀ ቱቦ አየር የሚስብ መሆኑን ለማወቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ለጊዜው በመስመሩ ላይ አስገብቶ አረፋ መኖሩን ማየት ይበቃል። በደጋው ብርድ ግማሽ ጎድሎ ባደረ ማጠራቀሚያ ውስጥ ውኃ ስለሚጤዝ የፊልትሮውን ማፍሰሻ በየጊዜው መክፈትም ይገባል።

በቤንዚን ሞተር ላይ ጥርጣሬው ወደ እሳቱም ይሄዳል። ያረጀ ቦቢና ሲሞቅ ይደክማል፣ ሲበርድ ይነሳል። በጉምና በዝናብ ወቅት ብቻ የሚታይ መንተፋተፍ ደግሞ የተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ወይም የካንዴላ ገመድ መኖሩን ያመለክታል። ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ መመልከት የሚያፈተልከውን ብልጭታ ያሳያል።

ሞተሩ ሳይጎዳ ጉልበት ያጣ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ደግሞ ፍሬኑ አልለቀቀም።

ሁሉም ሙከራ በሜዳ ላይ እንጂ ቁልቁለት ላይ መደረግ የለበትም። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ፔዳሉ አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በፎሌ መውረድ በእንዲህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ላይ እጅግ አደገኛ ነው። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ከጎረቤላ ወደ ቆላው የሚወርድ አሽከርካሪ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና ሰው ከመጫን መቆጠብ ይኖርበታል።