ችግሩን የሚፈልግ መፍትሔ

ሌዘር ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የፊልም ጠመንጃ ነው። ቀጭን ቀይ ጨረር ይወረወራል፣ ባላጋራ ይወድቃል፣ አለቀ! ጥፋቱ ግን የፊልም ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ጋዜጠኞችም አሉበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ፣ ቴዎዶር ማይማን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ትንሽ የሩቢ ዘንግ በፎቶግራፍ ብልጭታ መብራት ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ጽሑፉን ለአንድ ስመ ጥር የፊዚክስ መጽሔት ቢልክ አንቀበልም አሉት፤ በኋላ «ኔቸር» አወጣለት። በሐምሌ ኒውዮርክ ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ ሲሰጥ ደግሞ አንዳንድ ጋዜጦች «የሞት ጨረር ተገኘ» ብለው አረፉት። ረዳቱ ኢርኒ ዲሃይነንስ ግን «ችግሩን የሚፈልግ መፍትሔ» እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል።

መፍትሔው ችግሩን ለማግኘት ብዙም አልቆየ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ ሐኪሞች የአንድ ሕመምተኛን የዓይን ዕጢ በሌዘር አጠፉበት። በ1974 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ አንድ ፓኮ ማስቲካ ባርኮዱ በሌዘር ተነቦ ተሸጠ። «የሞት ጨረር» የተባለው ማስቲካ መሸጫ ሆነ ማለት ነው።

ግን ሩቢ የሚያበራው ሊቅ የባለሱቁን ወረፋ ከየት ያውቃል? ባለሱቁስ ስለ ሩቢው ማን ይነግረዋል? የሚገናኙበት ገበያ ያስፈልጋል። ከ1973 ጀምሮ ጀርመን ሙኒክ ላይ በመደበኛው በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የሌዘርና የኦፕቲክስ ኤግዚቢሽን እንዲህ ያለ ገበያ ነው። ባንድ በኩል ተመራማሪዎች ጉባኤ ይቀመጣሉ፣ ባንድ በኩል ብረት መቁረጫውና መበየጃው ይታያል። ከ2025ቱ የሚቀጥለው የ2027ቱ ነው።

ገበያ ግን ገበያ ነው፤ የሚሰማው የገዢ ድምፅ ነው። መኪና ፋብሪካው ችግሩን ይዞ ይሄዳል። የስኳር ሕመምተኛዋ ገበሬስ? በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ሰፊ ጥናት የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ክፉኛ ከጎዳው ሰዎች መካከል በሌዘር የታከሙት የመታወር አደጋቸው ቢያንስ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው። ሆኖም እንደኛ ባለው አገር ሌዘሩ ካለበት ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው መድኃኒቱ እያለ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚሄድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካለን፣ ቦርሳ ሙሉ ብሮሹር ተሸክሞ መመለሱ ብቻውን ዋጋ የለውም። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ጠጋኝ በሌለበት የወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ መሣሪያ አላችሁ ወይ? ብሎ ይጠይቅ። መፍትሔው ችግር ፍለጋ ከወጣ ቆይቷል። ችግሩን ይዞ የሚሄደው ሰው ነው የጎደለው።