ከፖንግ እስከ ፓይጌም፦ የጨዋታ ድምፅ የታሪክ ውርስ



በፓይተን ቋንቋ ጨዋታ የሚጽፍ ተማሪ ድምፅ ለመጨመር ሲነሣ፣ ፓይጌም የተባለው የፕሮግራም ስብስብ ሁለት በሮች ያሳየዋል። አጫጭር የድምፅ ኢፌክቶች በአንዱ፣ ረጅሙ ማጀቢያ ሙዚቃ በሌላው ይገባሉ። ለጆሮ ሁለቱም ድምፅ ናቸው፤ ታዲያ ስለ ምን ተለያዩ? መልሱን ከታሪክ እንድንፈልገው እጋብዛችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 አላን አልኮርን ለአታሪ ኩባንያ ፖንግን ሲሠራ ጨዋታው ድምፅ እንዲኖረው ተጠየቀ። ኖላን ቡሽኔል የተመልካች ሆታ እንዲሰማ ይፈልግ ነበር። አልኮርን ግን የዕቃው ብዛት አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ስለ ሆነበት፣ የቴሌቪዥኑን ምስል በሚያስተባብረው ሰርኪዩት ውስጥ የነበረውን ሞገድ ወስዶ ድምፅ አደረገው። የኳሷ ድምፅ የተወለደው ከእጥረት ነው።

በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለታይቶ የሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ ሌላ እርምጃ ተራመደ። አራት ወፍራም ኖታዎች ያለማቋረጥ ይደጋገማሉ፤ ወራሪዎቹ ሲፈጥኑ ኖታዎቹም ይፈጥናሉ። የፊልም ማጀቢያ ፍጥነቱ አስቀድሞ ተወስኖ ያለቀ ነው፤ እዚህ ግን ሙዚቃው የተጫዋቹን ዕጣ ተከትሎ ይለወጣል።

በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም አምስት የድምፅ ቻናሎች ብቻ ነበሩት። ስለዚህ ሙዚቃና ኢፌክት አንድ ማዕድ ይሻሙ ነበር። ኮጂ ኮንዶ ሙዚቃውን በደረሰለት በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ፣ ማሪዮ ሲዘል የዝላዩ ድምፅ አንዱን የሙዚቃ ቻናል ለቅጽበት ይነጥቃል።

የተቀዳ ድምፅ ሲስፋፋ እጥረቱ ከቻናል ወደ ማኅደረ ትውስታ ተሻገረ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ሳይታመቅ 30 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 64 ሜጋባይት ብቻ ላለው ኮምፒውተር ይህ ግማሽ ሀብቱ ነው። ሳም ላንቲንጋ በ1998 ኤስዲኤልን ያወጣው፣ ፒት ሺነርስም በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ2000 ፓይጌምን የጀመረው በዚህ ዘመን ነበር። ሁለቱ በሮች የሚተረጎሙት ከዚህ ነው፦ ኢፌክት ወዲያው እንዲሰማ ሙሉ በሙሉ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይጫናል፤ ሙዚቃ ግን ከዲስክ እየተቆነጠረ ይነበባል።

ይህ ውርስ ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ተማሪ ስፔስ ኢንቬደርስን በፓይጌም ዳግመኛ ልሥራ ቢል፣ የሙዚቃው በር አያሳልፈውም፤ እየተጫወተ ያለን ሙዚቃ ማፍጠኛ የለውምና። መፍትሔው አራቱን ኖታዎች በኢፌክት በር አስገብቶ፣ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ በሰዓት ቆጣሪ ማሳጠር ነው። «ሙዚቃ በሙዚቃ በር ይገባል» ብሎ ብቻ የተማረ ሰው ይህ መንገድ ላይታየው ይችላል።

መዘግየትም እንዲሁ ነው። በ1.9.1 እትም ድምፅ ወደ ማጉያው ከመላኩ በፊት የሚጠራቀምበት ማቆያ መነሻ መጠኑ 4096 ናሙና፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 22050 ነበር፤ ማቆያው ብቻውን 186 ሚሊሰከንድ ያህል ድምፅ ይይዛል። በ2020 የወጣው 2.0 እትም መጠኑን ወደ 512፣ ፍጥነቱን ወደ 44100 ስለ ቀየረ ይህ ወደ 12 ሚሊሰከንድ ወረደ። በቀድሞው እትም የተኩሱ ድምፅ ከጣቱ ዘግይቶ ሲሰማ የራሱን ኮድ የሚመረምር ተማሪ፣ ጥፋቱን በሌለበት ቦታ ይፈልግ ነበር።

አንድ ተቃውሞ አስቀድሜ ላንሣ፦ ማኅደረ ትውስታ በተትረፈረፈበት ዘመን ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር አይደለምን? እጥረቱ አልፏል፤ በእጥረቱ ዘመን የተሰጠው ውሳኔ ግን ዛሬም በመነሻ ቁጥሮችና በክፍሎች ስም ውስጥ ይኖራል። መምህራን እነዚህን ቁጥሮች ስናስተምር አንድ ሰው ለዘመኑ መሣሪያ የወሰናቸው መሆናቸውን አብረን ብንነግር፣ ተማሪው መቼ ሊቀበላቸው መቼም ሊለውጣቸው እንደሚገባ ራሱ ይፈርዳል።